ቤተ መንግሥቱ ሲነሣ ገበያው አይረሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ጎንደር ቅርስ የሚጻፈው ሁሉ ከፋሲል ግቢ ተነሥቶ እዚያው ፋሲል ግቢ ሲያበቃ አያለሁ። ግንቡ ክብሩ ይገባዋል፤ ነገር ግን ከተማዋን ያቆማት ንጉሥ ብቻ ሳይሆን ነጋዴም ነውና፣ ስለ አንዲት የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

በግሎስተርሻየር የምትገኘው ቺፒንግ ካምደን ገበያዋን በስሟ ተሸክማለች፤ «ቺፒንግ» የሚለው ቃል የመጣው ገበያ ከሚለው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ከተማዋ የበለጸገችው በበግ ፀጉር ንግድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1401 የሞተው ዊልያም ግሬቭል በመቃብሩ ላይ የእንግሊዝ የበግ ፀጉር ነጋዴዎች አበባ ተብሎ ተጽፎለታል። (በእኛ ዘንድ ነጋዴ እንዲህ ተወድሶ የተቀበረበትን ቦታ እኔ አላየሁም።) እ.ኤ.አ. በ1627 ደግሞ ባፕቲስት ሂክስ የተባለው ባለጸጋ፣ ቅቤ፣ አይብና ዶሮ ይዘው የሚመጡ ሻጮች የሚጠለሉበት፣ ዙሪያውን በቅስቶች የተከፈተ የድንጋይ አዳራሽ አሠራ። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፤ የቅቤ ሻጮቹ ጣሪያ ከግንባችን በዕድሜ ይቀድማል ማለት ነው። ሂክስ ለራሱ ያሠራው ታላቅ ቤት እ.ኤ.አ. በ1645 በእርስ በርሱ ጦርነት ተቃጠለ፤ የገበያው አዳራሽ ግን ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ተሽጦ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ነው ሲባል የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አስቀረው፤ ቅርስ ጠባቂው ናሽናል ትረስትም ተረከበው።

በጎንደር የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከምጽዋና ከስናር ጋር ይነግዱ የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን ይዘው ይመላለሱባት የነበረችው፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የዞረባት ጎንደር በእንግዳ ዓይን አትታይም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1668ቱ ጉባኤ በኋላ፣ ሙስሊሞቹ ተለይተው የሰፈሩበትን አዲስ ዓለምን እንግዳ ይዞ የሚሄድ አስጎብኚ ብዙም አላጋጠመኝም። እናቴ በቅዳሜ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ያደገ ሰው ነኝና፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በአንድ ጃንጥላ ሥር ከቅሏ ጋር ተጠግታ ስትቀመጥ አስታውሳለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ ጋዜጣችሁ አንድ ቅዳሜ ጸሐፊውን ወደ ገበያው፣ በማግስቱም ወደ አዲስ ዓለም ሽማግሌዎች እንዲልክ ነው። ስለ ሲራራው ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጎንደር ነዋሪ