ይድረስ ለልጄ፣ ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ

ውድ ልጄ ብሩክ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሱሉልታ ብርዱ ጠንክሯል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እናትህ ግን ያንተን ብርድ እያሰበች የራሷን ረስታዋለች።

ከጓደኞችህ ጋር፣ ከተከለለው መንሸራተቻ ውጭ ተራራ ልትወጡ ነው አልከኝ። አትሂድ አልልህም። ብልህስ መች ትሰማለህ! ግን ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ፣ ያውም ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝና ናዳ ሲባል ዝም ማለት አልችልም። የበረዶውን አንብቤ ነው ያወቅሁት።

ተራራው ላይ ያለው የበረዶ ክምር በየጊዜው የጣለው በረዶ ንብርብር ነው። ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ሲጸና፣ ስስ የነበረው በረዶ እርስ በርሱ የማይያያዝ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ነፋስ ያመጣው ጠጣር በረዶ ከላዩ ሲጫንበት፣ በፈሰሰ ጤፍ ላይ የተጋደመ ሳንቃ በለው። ሰው ሲረግጠው ሥሩ ይከዳል፣ ሳንቃው ከነሰውየው ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ናዳውን የሚያስነሳው የሚቀበረው ሰው ራሱ ወይም ባልንጀራው ነው። ይህ የሚሆነው በተለይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚሆን ቁልቁለት ላይ ነው፤ እናንተን ደስ የሚላችሁም እሱው! እግራችሁ ሥር «ዱም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም በረዶው ሲሰነጠቅ ካያችሁ ተመለሱ።

ያለህበት የቲሮል ክልል የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ፣ በበረዶው ወቅት በየቀኑ አመሻሽ 11 ሰዓት፣ በእነሱ 17 ሰዓት፣ ይወጣል። የአደጋው ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነው። 3ን መሃል ላይ ነው ብለህ እንዳትንቀው፤ 4 ሲባል ብዙ ሰው ቤቱ ይቀራል፣ 3 ሲባል ግን ይወጣል፣ ብዙ ሰው የሚሞተውም በእሱ ነው። የሌላ ሰው ዱካ አየሁ ብለህም አትከተል።

የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ የሚቆይ አይደለም፤ የሚያወጣህ አብሮህ ያለው ነው። ስለዚህ የተቀበረው ሰው የት እንዳለ የሚጠቁመው ምልክት ሰጪ መሣሪያ፣ በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ዘንግና አካፋው በእያንዳንዳችሁ ጀርባ ይኑር። ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ቀና ብላችሁ እዩ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ጎረቤቱን ሊያወጣ የሮጠውን ብዙ ሰው የበላው ሁለተኛው ናዳ ነበር።

ከመውጣትህ በፊት ባለው ምሽት የማስጠንቀቂያውን ደረጃ ቁጥር በቴሌግራም ላክልኝ። የመሣሪያው ዋጋ ከከበደህም ንገረኝ። እናትህ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፣ የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልካለን።

አባትህ