አራቱንም ግዢ፤ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ስለ ጤናሽና ስለ ሥራሽ ሲያጫውተኝ ካመሸ በኋላ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል እንደ ዘበት «መኪናም ገዛች እኮ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ዓይነቱን ብጠይቀው ሞተሩ ከፊት ሆኖ በኋላ ጎማዎቹ የሚገፋ መኪና መሆኑን ነገረኝ፤ ለብርዱና ለበረዶው ወራት ምን እንዳሰብሽ ስጠይቀው ደግሞ «ጉልበቱ የሚወጣው በኋላ ስለሆነ ለኋላ ብቻ ሁለት የክረምት ጎማ ልትገዛ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁትም። እናትሽ ተኝታ ስለነበር አልቀሰቀስኳትም፤ እኔን ግን እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ተነሥቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ነገር ግን በስልክ ስመክርሽ «እሺ አባዬ» ትዪና ወዲያው ሌላ ጨዋታ እንደምታመጪ አውቃለሁ።

ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልጻፈው፤ አራቱንም ግዢ። ሁለት ለፊት፣ ሁለት ለኋላ፣ አራቱም የአንድ ፋብሪካ አንድ ሞዴል፣ በአንድ ቀን የተገጠሙ ይሁኑ።

ሁለት ይበቃል ያለሽን ሰው ሞኝ ነው አልልም፤ እኔም በጊዜዬ ብዬዋለሁና። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። እንዳንቺው ባለ መኪና የሞተሩ ክብደት በፊት እግሩ ላይ ይቀመጣል፤ መኪናውን የሚገፋው ግን ቀለል ያለው የኋላ ክፍል ነው። በረዶ ላይ አስቀድሞ የሚታይሽ ችግር መነሣት አለመቻል ነው፤ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፣ ጭራው ወደ ጎን ይሸሻል። ለኋላ ጥሩ ጎማ ስትገጥሚ ይህ በአንድ ቀን ይስተካከላል፣ መኪናው ሳይንገዳገድ ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል፣ አንቺም ነገሩ ያለቀ ይመስልሻል። የተስተካከለው ግን መሄዱ ብቻ ነው። ፍሬን ስትይዢ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ፣ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ መሪውን የሚታዘዙትም እነርሱ ናቸው። ታዲያ በሁለት ጎማ የገዛሽው መሄድን እንጂ መቆምንና መታጠፍን አይደለም። ገልብጦ ለፊት ብቻ መግጠምም አያዋጣም፤ ያን ጊዜ ፊቱ መንገዱን ሲነክስ ኋላው ይለቅና መኪናው በራሱ ላይ ይዞርብሻል።

አሁን ደግሞ ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ልንገርሽ።

ነጯን መኪናችንን ታስታውሺያለሽ። በቤታችን «የበረዶው ቀን» እያልን የምንጫወተውን፣ ከግጭቱ በኋላ አንቺ ከኋላ ወንበር ነቅተሽ «ደረስን?» ያልሽበትን ወሬም ታውቂዋለሽ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንቺው ነሽ የምታወሪው። በዚያ ወሬ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው በረዶ ከመጣሉ በፊት ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ ነበር፤ «አራት ውሰድ» አለኝ፣ እኔም መኪናውን የሚገፋው ኋላው ነው ብዬ ተከራክሬ ሁለት ይበቃል አልኩት። በቀሩት ሁለት ጎማዎች ዋጋ ምን እንደገዛንበት ዛሬ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንታት ያህል የኮራሁትን ኩራት ግን አስታውሳለሁ፤ ሌሎች መኪኖች ዳገቱ ላይ ሲንገታገቱ እኔ በአጠገባቸው አልፌ እሄድ ነበር፤ ጎሚስታውንም በልቤ ታዘብኩት።

በዚያ ቀን ቅዝቃዜው ከዜሮ ብዙ አልራቀም። ይህን ልብ በዪልኝ፤ በረዶ በጣም ሲበርደው ከሚያንሸራትተው ይልቅ ሊቀልጥ ሲቃረብና በላዩ ስስ ውሃ ሲይዝ የሚያንሸራትተው ይብሳል። ቁልቁለቱን እየወረድን ወደ ግራ የሚታጠፈው ጥምዝ ጋ ስንደርስ መሪውን አዞርኩት፤ መሪው ዞረ፣ መኪናው ግን አልዞረም። እጄ ላይ ያለው መሪ ከምንም ነገር ጋር ያልተያያዘ ይመስል ቀለለኝ። የፊት ጎማዎቹ በብርድ ደርቀው እንደ እንጨት ይንሸራተቱ ነበር፤ ከነዳጁ ላይ እግሬን ለማንሣት ስለዘገየሁ ደግሞ፣ ያመንኩባቸው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከዳር ካለው ድንጋይ እስክንላተም ድረስ ቀጥ አድርገው ገፉን። እናትሽ አንቺን ልትይዝ ቀኝ እጇን ወደ ኋላ እንደዘረጋች ነበር የተላተምነው። የእጇ አንጓ የተሰበረው ያኔ ነው።

ሐኪሙ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «በረዶው ነው» አልኩት። ጎሚስታው አራት ሲለኝ እናትሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትናገር ዝም አለች፤ እስከ ዛሬም ስለዚያ አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ትንሽ ሳለሽ እማዬ ለምንድን ነው በግራ እጇ የምትከፍተውና የምትጨምቀው ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ግራኝ ናት ብዬሽ ነበር። ልጄ፣ እናትሽ ግራኝ አይደለችም።

እንግዲህ ወደ ጎማው ልመለስ።

ሻጩ የሚነግርሽን ከመስማትሽ በፊት የጎማውን ጎን አንብቢ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ይዞ ተስሎ ካገኘሽ፣ ያ ጎማ በበረዶ ላይ ተፈትኖ የተቀመጠለትን መመዘኛ አልፏል ማለት ነው። «ኤም» እና «ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ለማለት) የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን ካሉ ግን እንዳትታለዪ፤ እነርሱ አምራቹ ስለ ጥርሱ ቅርጽ ራሱ የሚሰጠው ቃል እንጂ በፈተና የተገኙ አይደሉም። የተራራው ምልክት ቢሆንም የሚመሰክረው ስለ በረዶ ብናኝና ስለ ተጠቀጠቀ በረዶ እንጂ መስታወት ስለሚመስለው ግግር አይደለም። ደግሞም የክረምት ጎማ ለበረዶ ብቻ የሚገዛ ነገር እንዳይመስልሽ። የበጋው ጎማ ላስቲክ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የክረምቱ ግን ለስላሳ ቅልቅል ስለሆነ በብርድም እየተለመጠ መንገዱን ይይዛል፤ በጥርሶቹ ላይ ያሉት እንደ ምላጭ የቀጠኑ ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን በረዶ አትጠብቂ፤ ጠዋት ጠዋት ቅዝቃዜው ወደዚያ መውረድ ሲጀምር አስገጥሚ።

ከክረምት ጎማዎችም መካከል ምርጫ አለ። አንደኛው ዓይነት ጠንከር ያለ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለተጠረገና እርጥብ ለሆነ መንገድ የሚስማማ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፍጥነት ምልክቱ «ኤች» ይሆናል፣ ይህም እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ሁለተኛው ለረጅምና ለከባድ ብርድ የተሠራ እጅግ ለስላሳ ጎማ ነው፤ በእርሱ ላይ «ኪዩ» ወይም «ቲ» ታገኛለሽ፣ 160 እና 190 ማለት ናቸው። ለስላሳው በግግር ላይ ይበልጣል፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን ለመቆም ይዘገያል። እኔ ብሆን የምመርጠው ፍጥነቱን አይቼ ሳይሆን በየዕለቱ የምሄድበት መንገድ ተጠርጎ የሚያድር መሆን አለመሆኑን አይቼ ነው። ምስማር ያለውን ጎማ በመንገድሽ ላይ ግግር ካልበዛ አልመክርሽም፤ ይጮኻል፣ በአንዳንድ አገሮችም የተከለከለ ነው። ከገዛሽው ግን ምስማሩ እንዲቀመጥ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ንጂ፤ ምስማሩም ቢሆን በአራቱም ላይ መሆን አለበት።

ስለ ልኩ ትንሽ ላስረዝም፤ በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታልና። በኋላ የሚገፉ ፈጣን መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የኋላ ጎማቸው ከፊቱ ሰፋ ያለ የሆነባቸው ብዙ ናቸው፤ ያንቺም እንደዚያ ከሆነ፣ ለክረምት አራቱንም እኩል የሚያደርግ ልክ የተፈቀደ መሆኑን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ፈልጊ። የቆመ መኪና ሲያዩት ሰፊ ጎማ ያምራል፤ ውሃ በቀላቀለ በረዶ ላይ ግን እላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠበብ ያለው ክብደቱን በትንሽ ቦታ ስለሚያሳርፍ ሰንጥቆት ወደ መንገዱ ይወርዳል። ለምሳሌ 225/45 አር 17 (በቅደም ተከተል የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የቸርኬው መጠን በኢንች) የሚያደርግ መኪና 205/55 አር 16 ከተፈቀደለት፣ የሁለቱ ጎማዎች ቁመት የሚለያየው በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም፣ ጎኑ ወፈር ስለሚልም ቸርኬውን ከጉድጓድ ይጠብቅልሻል። ትንሹ ቸርኬ ፍሬኑን እንዳይነካ ግን አስቀድመሽ አስለኪ። ጎማው የሚሸከመውን ክብደት የሚያመለክተው ቁጥርም መመሪያው ከሚጠይቀው እንዳያንስ፤ 91 ከተጻፈበት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። አራቱም እኩል ሲሆኑ ሌላም ጥቅም አለ፤ የኋላዎቹ ቶሎ ስለሚበሉ ወቅቱ ሲያልፍ ከፊቶቹ ጋር ማቀያየር ትችያለሽ፤ ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለ ግን በዚያው ወገን ይቀያየሩ።

ያገለገለ ጎማ ካሳዩሽ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አኃዞች ተመልከቺ፤ 3824 ቢል በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በ38ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ የክረምት ጎማ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ጥርስ አለው፤ ከ4 በታች ከወረደ በረዶ ላይ ያለው ጉልበት አልቋል። በብዙ አገር ሕጉ 1.6 ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል የሚልሽ ሻጭ ካለ አመስግነሽው ውጪ።

መኪናው የሚያረጋጋ ኮምፒውተር አለው ብለሽ እንደምትመልሺልኝ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ያለውን ይዞታ ያከፋፍላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፤ መንገዱን የሚነካው አንድ መዳፍ የሚያህል ላስቲክ ነው፣ እርሱም በአራት ቦታ ነው፣ በሁለት አይደለም። አንዳንዶች በኋላ በኩል የአሸዋ ከረጢት ይጭናሉ፤ ለመነሣት ይረዳል፣ ነገር ግን የሚቆመውን ክብደት ይጨምራል፣ ካልታሰረም በግጭት ጊዜ ወደ ሰው ይወረወራል። ብትጭኚም ከኋላ እግሩ በላይ ይሁንና ጥብቅ አድርገሽ እሠሪው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ በኃይል አትቀንሺ፤ የሞተሩ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ ጭራውን ይነቅለዋል። ጭራው ከሸሸ ከነዳጁ ላይ እግርሽን ቀስ አድርገሽ አንሺ፣ ፍሬን አትርገጪ፣ መሄድ ወደምትፈልጊበት ተመልክተሽ መሪውን ወደዚያው ያዢ። ሰንሰለት ማሰር ካስፈለገሽ የሚታሰረው በኋላዎቹ ላይ ነው።

ብርድ የጎማውን ንፋስ ይቀንሰዋልና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጎማዎቹ ሳይሞቁ ንፋሱን አስለኪ። ከተገጠሙ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ የቸርኬውን ብሎኖች እንደገና አስጠብቂ። ይህን እንዳትረሺው፤ አንቺ የምትረሺው እንዲህ ያለውን ነው።

የሁለቱን የፊት ጎማዎች ዋጋ እኔ እልክልሻለሁ። ስጦታ ነው ብለሽ አትቁጠሪው፤ ያኔ ያልገዛኋቸው ናቸው። ሲገጠሙልሽ መኪናውን ዞረሽ ከየጎማው ላይ ያለውን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ። አራት ቁጥር እጠብቃለሁ።

ይህን ስጽፍ ነግቶ እናትሽ ተነሣች። በዚህ ሌሊት ለማን ነው የምትጽፈው ስትለኝ፣ ለልጅሽ፣ ስለ ጎማ አልኳት። ጥቂት ቆማ ወረቀቱን አየችውና «አራት በላት» አለችኝ።

አባትሽ