ለቆጠረችው ልጅ፣ ለቆመው ሹፌር፣ ላልፈራችው ነርስ

«እንኳን አተረፋችሁ» እያላችሁ የመጣችሁ፣ ቡና ያፈላችሁልን ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን። መብረቅ የጣለው ወንድሜ ደህና ነው። ቀኝ ጆሮው ገና ይጮህበታል፤ እሱም እየቀነሰ ነው። ሦስት ሰዎችን ግን ለብቻ ማመስገን አለብኝ።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ ጎጃም፣ ሮብ ገበያ ከተማ አጠገብ የአባቴን ድንች በደቦ እየቆፈርን ነበር። አሥራ አንድ ነን። 9 ሰዓት ገደማ የጮቄ ተራራ አናት ጠቆረ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የጠቆረ ደመና እኛ ዘንድ ለመውረድ ጊዜ አይፈጅበትም። ብልጭ አለ። የእህቴ ልጅ፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ዶማዋን ጥላ መቁጠር ጀመረች። ሳቅንባት። አሥራ ሁለት ስትል ጓ! አለ። «አራት ኪሎ ሜትር» አለች። ድምፅ አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ሰከንድ ያህል ነው የሚሄደው። ቀጣዩ ስድስት ላይ አገሳ። ያኔ መሳቅ አቆምን።

እኔ ታዲያ ምን አልኩ? «ኑ፣ ጥዱ ሥር እንጠለል።» አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ትልቁ ሰውዬ! የእህቴ ልጅ፣ እጄን ይዘሽ ጎተትሽኝ። ዛፍ ሲመታ መብረቁ ከግንዱ ወደ ሰው ይዘላል፣ በመሬቱም ይሄዳል አልሽኝ። «የማሳ ጎጆውስ?» ስልሽ «እሱ ሣር ነው፣ ምን ያድናል!» ብለሽ ወደ መንገድ አስሮጥሽን።

ሁለት መኪና እያየን አለፈ። ይቅር ብያቸዋለሁ። ኧረ ገና ነኝ። ሦስተኛው ሚኒባስ ቆመ። ሹፌሩ፣ ወንበርህን በጭቃ ለወስነው፤ አንተ ግን «ግቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ ብረት አትንኩ» ብቻ ነው ያልከው። እኔ መኪና የሚያድነው በጎማው ይመስለኝ ነበር። ለካ መብረቁን በውጭ በኩል ወደ መሬት የሚያወርደው ዙሪያው ያለው ብረት ነው።

ወንድሜ ግን «አህያዋን ልፍታ» ብሎ ተመልሶ ነበር። ጥዱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አህያዋ እዚያው ቀረች። እሱ ራቅ ብሎ ወድቋል። ስንደርስ አይተነፍስም። አንዱ «አትንኩት፣ ኤሌክትሪክ አለበት!» ብሎ ጮኸ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ገፍታን አለፈች። «ሰውነቱ ላይ ምንም አይቀርም፣ አንሱት!» ነርስ ኖራለች። ሚኒባሱ ወለል ላይ አስተኝታ ደረቱን በሁለት እጇ ትጫነው ጀመር፤ ቶሎ ቶሎ፣ በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ። ላቧ ከአፍንጫዋ ጫፍ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። አባቴ «ኪዳነ ምሕረት» ከማለት በቀር ቃል አጣ። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ትን እንዳለው ሰው ሲያስል ሰማን። ነርሷ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትወርጂ ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩሽም።

የደብረ ማርቆስ ሐኪሞች፣ ስላስታመማችሁልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አሁን ቤታችን ውስጥ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም ደጅ አይወጣም። ሰዓቱን የምትይዘው ልጅቱ ናት። አባቴ እንኳ ፈቃድ ይጠይቃታል።

ሹፌሩ፣ የአሥራ አንድ ሰው ሒሳብ አልቀበልም ብለህ ሄደሃል። አንድ ጆንያ ድንች በሩ ላይ ተቀምጦልሃል። ስታልፍ ክላክስ አድርግ።