ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ሰሃን ያዙ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁ ጅማ ሲደርስ አንዳንዴ ቀኑ ያልፍበታል፤ ቢሆንም አይቀርብኝም። ባለፈው የቴክኖሎጂ አምዳችሁ ላይ ስለ ዓሣ ማጥመጃ የውሃ ውስጥ ካሜራ የጻፋችሁትን ሳነብ ግን ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ብርሃን ለሚያንሰው ውሃ ብዙ መብራትና ብዙ ሜጋፒክስል ያለውን ምረጡ ትላላችሁ። እኔ ይህንኑ ምክር ከእናንተ በፊት ከአንድ ነጋዴ ሰምቼ፣ 22 ሺህ ብር ከፍዬበት፣ ጊቤ ውስጥ ነክሬ አይቼዋለሁ።

ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ እጠግናለሁ። 19 ዓመት ሆነኝ። ካውያ ከእጄ የሚወርደው እሁድ ብቻ ነው፤ እሁድ ደግሞ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ነኝ። ጅማ ሲባል ቡና እንጂ ዓሣ ትዝ የሚለው ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኋላው የተኛው ውሃ ቆሮሶም አምባዛም ያበላናል። ከተማው ጥግ ያለው ቦዬ የሚባለው ረግረግ ይቀርብሃል የሚሉኝ አሉ። ቦዬ ጉማሬ አለበት። እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ።

ካሜራውን የገዛሁት አዲስ አበባ ለዕቃ በሄድኩበት ነው። ሻጩ ወጣት ነው፣ አፉ ጣፋጭ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ 30 ሜትር ያያል» አለኝ። ካርቶኑን አዙሮ አሳየኝ፤ እውነትም 30 ሜትር የሚል ተጽፎበታል። ክብ ሆነው ሌንሱን የከበቡት መብራቶች 24 ናቸው። ሱቁ ውስጥ መብራት አጥፍቶ ሲያበራው ጣሪያው ላይ ያለው የሸረሪት ድር ሳይቀር ታየ። ከፈልኩ። ጅማ ገብቼ ገመዱን ሜትር ይዤ ስለካው 30 ሜትር ሆነ። ለካ የተጻፈው የገመዱ ርዝመት ነው!

እሱንም ይሁን ብዬ ተውኩት። የመጀመሪያው እሁድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን፣ ሰርቦን አልፈን፣ አሰንዳቦ አካባቢ ስንደርስ ገና አልነጋም። ታንኳዋ የናስር ናት። ናስር ዓሣ በመሸጥ የሚኖር ልጅ ነው፤ የእኔን ጨዋታ እንደ ሀብታም ቅብጠት ነው የሚያየው። ካሜራውን ሁለት ሜትር ያህል አወረድኩትና መብራቱን ለቀቅኩት። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ነጭ፤ ውስጡ ብናኝ የሚበር ነጭ። ናስር አንገቱን አስግጎ አየና «ጋሼ፣ ታች በረዶ እየጣለ ነው እንዴ?» አለኝ። መብራቱን ሳጠፋው ደግሞ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ሆነ። «አሁን ገባኝ፣ ጀበና ውስጥ ነው የከተትከው» አለ። የዚያን ቀን ቀልዱ አላለቀለትም።

ነጩ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት በክረምት ሌሊት ጉም ውስጥ መንዳት ይበቃል። ረጅም መብራት ስታበሩ መንገዱ ይጠፋል፤ ጉሙ ራሱ ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል። አጭር ስታደርጉት ትንሽ መንገድ ይታያል። ጊቤም እንደዚያው ነው። ወንዞቹ ከእርሻው የሚጠርጉትን አፈር ይዘው ይገባሉ፤ በግድቡ ላይ ስለሚሞላው ደለል ሲወራ ዓመታት አልፈዋል። ያ ደቃቅ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ሲቆይ እያንዳንዱ ቅንጣት ከመብራቱ የተቀበለውን ወደ ሌንሱ ይመልሳል። መብራት በጨመራችሁ ቁጥር ግድግዳው ይበልጥ ይነጣል። በተለይ መብራቱ ሌንሱን ከቦ ከተቀመጠ፣ እንደ እኔው ካሜራ ማለት ነው፣ ብርሃኑ ወጥቶ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ስለዚህ «ጨለማ ውሃ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ እየጠራን ነው። አንዱ ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ስትገባ ያለው ጨለማ ነው፤ ለእሱ ጥሩ ካሜራ መድኃኒት አለው። ሌላው ጭቃ ነው። ለጭቃ 100 ሺህ ብር ብትከፍሉም የሚያይ ሌንስ የለም። ጽሑፋችሁ ይህን ሳይለይ ነው ወደ መብራት ብዛት የሄደው።

የውሃን ጥራት ለመለካት ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አያስፈልግም። ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ነጭ ሰሃን የመሰለ ክብ ነገር በገመድ ባሕር ውስጥ እያወረደ የሚጠፋበትን ጥልቀት ለካ። እስከ ዛሬ የሐይቅ ባለሙያዎች በእሱው ዘዴ ይሠራሉ። እኔም ከቤት አንድ ነጭ የብረት ሰሃን አነሳሁ። ጠርዙን ሦስት ቦታ በስቼ፣ ሲባጎ አስሬ፣ ድንጋይ ከሥሩ አንጠልጥዬ፣ ሲባጎው ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ሠራሁ። ባለቤቴ «የእንግዳ ሰሃኔን ነው የበሳኸው?» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋለች። እውነቷን ነው።

ሐምሌ ላይ ሰሃኑ ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ጠፋ። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር! እጄን እስከ ክርኔ ብነክር ጣቶቼ አይታዩኝም ማለት ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ፣ ሰባተኛው ቋጠሮ ደረሰ። ይሄ የኔ ሰሃንና የኔ ዓይን ልክ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ለኩ። ሦስተኛ ቋጠሮ ላይ ከጠፋባችሁ ግን ገንዘባችሁን ለመረብ አድርጉት። ወይም በድምፅ የሚሠራውን ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ ግዙ። ድምፅ ጭቃውን አልፎ ሄዶ ይመለሳል፤ የዓሣውን መልክ ባያሳይም መኖሩን ይናገራል።

ውሃው ደህና ከሆነና የቸገራችሁ የንጋቱ ጨለማ ከሆነ፣ ያኔ ወደ ካሜራው እንምጣ።

ሜጋፒክስሉን እርሱት። ከእነዚህ ካሜራዎች ጋር የሚመጣው ባለ 7 ኢንች ስክሪን ብዙውን ጊዜ 800 በ480 ነጥብ ነው። አባዙት፤ 384 ሺህ ነው። ግማሽ ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። 12 ሜጋፒክስል ተብሎ የተሸጠላችሁን ምስል የምታዩት በዚህች መስኮት ነው። ይባስ ብሎ ብርሃኑን የሚቀበለው ትንሽ ሴንሰር ላይ ብዙ ፒክስል ሲታጨቅ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። ረከቦት ላይ 6 ትልልቅ ሲኒ መደርደርና 24 ጥቃቅን ሲኒ መደርደር እንደማለት ነው፤ ረከቦቱ ያው ነው፣ የሲኒው ሆድ ነው የጠበበው። የሴንሰሩን ስፋት ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ሉክሱን፣ ማለትም ካሜራው ለመሥራት የሚፈልገውን ትንሹን የብርሃን መጠን፣ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ካሜራው በትንሽ ብርሃን ይሠራል። 0.01 ከ1 ይሻላል። ቁጥሩን ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ስለሚለካ ሙሉ በሙሉ አትመኑት።

ወደ ጥቁርና ነጭ የሚቀየር ካሜራ ካገኛችሁ ያዙት። ቀለም እፈልጋለሁ የሚል ሰው ውሃ ምን እንደሚያደርግ አላየም። በጠራ ውሃ ከቀለም ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ጥቂት ሜትር ስትወርዱ ቀዩ ጨርቅ ግራጫ ይሆናል። እኛ የምንፈልገው ዓሣ መኖር አለመኖሩን ነው፣ ሠርግ አንቀርጽ።

ኢንፍራሬድ መብራት ያላቸውም አሉ። ለእኛ ዓይን አይታይም፣ አብዛኛው ዓሣም አያየውም፤ ስለዚህ ማታ የሚንቀሳቀሰውን አምባዛ አያስበረግግም። ችግሩ ውሃ ኢንፍራሬድን ይጠጣዋል። የሞገዱ ርዝመት 850 ናኖሜትር የሚባለው አንድ ሜትር ሳይጓዝ አብዛኛው ያልቃል፣ 940 የሚባለው ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። «10 ሜትር በኢንፍራሬድ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ በአየር ላይ የተለካ ነው፤ የግቢ ጥበቃ ካሜራ መሰላቸው። ቢሆንም ለጊቤ እመርጠዋለሁ። ሰሃኑ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ በሚጠፋበት ውሃ አንድ ሜትር ምን ይሠራልኛል? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለባችሁ 850 ያለውን ውሰዱ።

ገመድ አልባ ነው ለሚላችሁ ሻጭ ሳቁበት። የዋይፋይ ሞገድ ውሃ ውስጥ ስንዝር ሳይሄድ ይሞታል። ወይ ከላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለው፣ ከእሱ እስከ ካሜራው ገመድ አለ፤ ወይ አይሠራም።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ጠጋኝ ልናገር። ካርቶን ላይ የሚጻፈው የውሃ መከላከያ ደረጃ፣ አይፒ 67፣ ማለት 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው፣ በቃ። አይፒ 68 ከዚያ ይበልጣል፤ ግን ስንት ሜትር ለስንት ሰዓት የሚለውን የሚወስነው አምራቹ ስለሆነ መመሪያውን አንብቡ። እኔ ጋ የተበላሹ ሁለት ካሜራዎች መጥተው ነበር። ሌንሳቸው ደህና፣ መስታወታቸው ደህና። ሁለቱም ውሃ ያስገቡት ገመዱ ከካሜራው ጋር በሚገናኝበት አንገት ነው። ስከፍታቸው የመዳቡ ክር አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ስትገዙ ያንን አንገት በእጃችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩት። ከተወዛወዘ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አያድናችሁም።

የእኔን ካሜራ ምን እንዳደረግኩት ብነግራችሁ ይሻላል። 24ቱን መብራቶች በጥቁር ናስትሮ ሸፈንኳቸው። አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ክንድ በሚያህል እንጨት ጫፍ ላይ አስሬ፣ ከሌንሱ ወደ ጎን አራቅኳት። ብርሃኗ ከፊት ሳይሆን ከጎን ሰያፍ እንዲገባ አደረግኩ። ከፊቱ ትል የሰካሁበት መንጠቆ በስንዝር ርቀት አንጠለጠልኩ። ለመቀለጃ የማይመች አስቀያሚ ነገር ሆነ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ስክሪኑ ላይ ብናኙ እንደ ቡና ጭስ ቀስ እያለ ሲያልፍ እናያለን። ናስር ማዛጋት ጀምሯል። ከዚያ በቀኝ በኩል ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ገባ። ሌላ ክር ተከተለ። ትሏን ነካ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ነካ። የአምባዛ ሪዝ ነው። ጭንቅላቱ የመጣው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ዓይኑ የሽንብራ ፍሬ የምታህል። በዓይኑ እየፈለገ አልነበረም፣ በሪዙ እየዳሰሰ ነበር። ናስር ሕይወቱን ሙሉ አምባዛ ሲያወጣ ኖሯል፤ ሲበላ ግን አይቶት አያውቅም። «ጋሼ ዝም በል፣ ዝም በል» አለኝ። እኔ ምንም አልተናገርኩም ነበር።

ሻጩ ጋ በሌላ ጊዜ ለዕቃ ስሄድ ጎራ ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ ካሜራው ምንም የለውም፣ ውሃችሁ ነው» አለኝ። ትክክል ነው። ቅር ያለኝ መጀመሪያ ስገዛው ውሃዬን አለመጠየቁ ነው። ከእናንተም የምለምነው ይህንኑ ነው። በሚቀጥለው ስትጽፉ ለየትኛው ውሃ እንደሆነ ንገሩን። ላንጋኖ ላይ ያለው አንባቢያችሁ ውሃው ቡናማ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ያንን ምክር አምኖ ባለ 24 መብራት ቢገዛ ያሳዝነኛል።

ሰሃኑ አሁን ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደንበኞች የዲሽ ዓይነት ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል።

አክባሪያችሁ፣
የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ከጅማ ሄርማታ