የፌደራል ሥራና በጀት ቅነሳው ለሜሪላንድ ነዋሪ ምን ማለት ነው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

«የፌደራል ሠራተኛ ስላልሆንኩ እኔን አይነካኝም» የሚሉ ደንበኞች አሉን። ሜሪላንድ ለሚኖር ሰው ይህ አባባል ብዙ አያስኬድም። የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ዋይት ኦክ ነው፣ የሕክምና ምርምር ተቋሙ ኤንአይኤች ቤተዝዳ ነው፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ዋና መሥሪያ ቤት ዉድሎን ነው። ኤፍዲኤና ኤንአይኤች ያሉበት የፌደራል የጤና ሚኒስቴር 10,000 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታውቆ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2025 የስንብት ደብዳቤ መላክ ሲጀምር፣ ጉዳቱ በደብዳቤው ተቀባዮች ላይ ብቻ አላበቃም። የሕንፃው ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ፓርኪንግና ካፌቴሪያ በኮንትራት የሚሠራ ስለሆነ ሰው ሲቀንስ ኮንትራቱም ይቀንሳል፤ በአካባቢው ያለው ሬስቶራንት ደግሞ የምሳ ገበያው ይሳሳል።

ስቴቱም የሚኖረው በዋናነት ከደመወዝ ላይ በሚሰበስበው ታክስ ነው። የብድር ደረጃ አውጪው ሙዲስ በሜይ 2025 የሜሪላንድን የብድር ደረጃ ከከፍተኛው እርከን አንድ ዝቅ ሲያደርግ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው በፌደራል ሥራ ላይ ያለው ጥገኝነት ነበር። የበጀት ጉድለቱ ግን ከቅነሳው በፊትም ነበረ፤ ሁሉንም በዋሽንግተን ማሳበብ ትክክል አይደለም። ጉድለቱን ለመሙላት ከወጡት መካከል ብዙዎቻችሁን የሚነኩት ሁለት ናቸው፦ ከጁላይ 2025 ጀምሮ መኪና ሲገዛ የሚከፈለው ታክስ ከ6 ወደ 6.5 ከመቶ ከፍ ብሏል፣ ካውንቲዎች የሚጥሉት የገቢ ታክስ ጣሪያም ከ2025 የታክስ ዓመት ጀምሮ ከ3.2 ወደ 3.3 ከመቶ ደርሷል።

ከሥራ በተሰናበተ ሰው ላይ በጣም የምናየው ስህተት የሥራ አጥ ክፍያውን፣ አንኢምፕሎይመንቱን፣ በተሳሳተ ቦታ ማመልከት ነው። የሚታየው የሥራ ቦታ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ዲሲ ላለ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የሚያመለክተው ዲሲ ነው። ሜሪላንድ ካመለከተ ሳምንታት ጠብቆ ወደ ዲሲ ይመለሳል። የኮንትራክተር ሠራተኛም ደመወዙ ሪፖርት የተደረገበትን ስቴት ይከተላል። የፌደራል ሠራተኛ ኤስኤፍ-8 (ስለ ሥራ አጥ ክፍያ የሚሰጥ ማስታወቂያ) እና ኤስኤፍ-50 (የቅጥርና የስንብት መዝገብ) የተባሉትን ወረቀቶች መያዝ አለበት፤ የኮምፒውተር መግቢያው ከመዘጋቱ በፊት ማህደሩን ወደ ራሱ ያውርድ። የሰው ኃይል ክፍሎቹ ራሳቸው ስለተቀነሱ ወረቀት ይዘገያል። ከዘገየ በደመወዝ ወረቀትና በደብልዩ-ቱ (አሠሪው በሚሰጠው የዓመቱ የደመወዝና የታክስ ቅጽ) ቃለ መሐላ ሰጥቶ ማመልከቻውን ማስኬድ ይቻላል።

ይህ ክፍያ ታክስ አለበት። የዲሲ ጣሪያ በሳምንት 444 ዶላር ነው፤ 26 ሳምንት ሙሉ ቢከፈል 11,544 ይሆናል። የትዳር ጓደኛ ደመወዝ ኖሮ ታክስ የማይከፈልባቸው ተቀናሾች በዚያ ደመወዝ ላይ ካለቁ፣ የሜሪላንድ 4.75 እና የሞንጎመሪ ካውንቲ 3.2 ከመቶ ተደምረው ለስቴቱ ብቻ 918 ዶላር ያህል ያስከፍላሉ። የፌደራሉ 10 ከመቶ እንዲቆረጥ በማመልከቻው ላይ ምረጡ፤ ለሜሪላንዱ በየወሩ ለብቻ አስቀምጡ።

ቲኤስፒን፣ ማለትም የፌደራል ሠራተኞችን የጡረታ ቁጠባ፣ አትንኩ፣ ቢያንስ እስክትጠይቁን ድረስ። ዕድሜው 45 የሆነ ሰው 20,000 ዶላር ቢያወጣ 4,000 ወዲያው ይቆረጥና 16,000 እጁ ይገባል፤ አብዛኛው ሰው ታክሱ በዚያው ያለቀ ይመስለዋል። በ22 ከመቶ የታክስ እርከን ላይ ካለ ግን የፌደራሉ ታክስ 4,400፣ ከዕድሜ በፊት በማውጣት የሚመጣው ቅጣት 2,000፣ የሜሪላንዱ ከካውንቲው ጋር 1,590 ነው። ድምሩ 7,990 ስለሚሆን በግብር ወቅት ተጨማሪ 3,990 ይጠየቃል። ሥራውን የለቀቀው 55 በሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ የ10 ከመቶው ቅጣት የለበትም። ገንዘቡ እዚያው ቢቆይ ማንም አይነካውም።

የጤና መድኅን ከመሥሪያ ቤቱ ከተቋረጠ በኋላ 31 ቀን በነፃ ይቀጥላል። ከዚያ እስከ 18 ወር ማራዘም ይቻላል፣ ነገር ግን ሙሉ ዋጋውን ከ2 ከመቶ ጭማሪ ጋር የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት የስቴቱ የጤና መድኅን ገበያ በሆነው በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ካለው ጋር አስተያዩ።

የንግድ ባለቤቶች፦ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚበላው የሽያጭ ታክሱ ነው፣ ምክንያቱም አካውንቱ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ከደንበኛ የተሰበሰበው 6 ከመቶ የእናንተ ገንዘብ አይደለም። ለየብቻ አካውንት ክፈቱለትና በየሳምንቱ አስተላልፉ፤ ክፍያው በሚቀጥለው ወር 20ኛው ቀን ነው። ንግዱ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ቢሆንም ስቴቱ ባለቤቱን በግል ሊጠይቅ ይችላል። ሽያጭ የሌለበት ወርም ዜሮ ተብሎ መሞላት አለበት፤ ዝም ካላችሁ ግምት ልከው ያስከፍሏችኋል።

የታክሲና የዴሊቨሪ ሾፌሮች እንዲሁም በግላችሁ የምትሠሩ፣ በየሩብ ዓመቱ የምትልኩት ግምታዊ ታክስ በአምናው ገቢ የተሰላ ነው። ገቢያችሁ ከወረደ ዝቅ ማድረግ እንችላለን፤ የዚህን ዓመት ታክስ 90 ከመቶ እስከሸፈነ ቅጣት የለውም። መክፈል ባትችሉም ግን ፋይል ሳታደርጉ አትቅሩ። አለመሙላት በወር 5 ከመቶ ያስቀጣል፣ ሞልቶ አለመክፈል 0.5 ከመቶ ብቻ ነው። ቀሪውን በወርኃዊ ክፍያ ማስተካከል ይቻላል።

ለቀጠሮ ስትመጡ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ የሥራ አጥ ክፍያ የወሰዳችሁ ደግሞ የተከፈላችሁን የሚያሳየውን 1099-ጂ ቅጽ፣ ንግድ ያላችሁ የ3 ወር የባንክ መግለጫ ይዛችሁ ኑ። ስቴቱ ወይም የፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ የላከው ፖስታ ካለ ሳይከፈትም ቢሆን አምጡት፤ አብዛኛው የመልስ ጊዜ 30 ቀን ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ አይክረም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብና የታክስ አገልግሎት ቢሯችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ