ድምፅ የጠፋበት ኮምፒውተር ሳይጠገን ስለመመለሱ የቀረበ ቅሬታ

ለጥገናና ዋስትና አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ቅያሪ ስለመጠየቅ

የዋስትና ጊዜው ያላለፈው ዴስክቶፕ ኮምፒውተራችን ድምፅ ማውጣት በማቆሙ ሁለት ጊዜ ልከንላችኋል። ሁለቱንም ጊዜ «የድራይቨር ችግር ነው፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኗል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት፣ ድምፁ እንደጠፋ ተመልሷል። በሁለተኛው ጊዜ ፈቃድ ሳንጠየቅ ዲስኩ ፎርማት ተደርጓል።

ችግሩ ከድራይቨር (ዊንዶውስ የድምፅ ክፍሉን ከሚያዝበት ፕሮግራም) አይደለም። ስፒከሩ የሚሰካው ከኋላ ባለው አረንጓዴ ቀዳዳ ነው (ሮዙ የማይክ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ሰክቶ ይደክማል)። ያው ስፒከር በስልክ ይሠራል። ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሞኒተሩ ሄዶ እንደሆነ ለማየት የመውጫ ምርጫውን ስንከፍት የተገኘው የሞኒተሩ ብቻ ነው፤ ሪልቴክ የሚለው (የማዘርቦርዱ የራሱ ድምፅ መውጫ) ከነጭራሹ የለም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ የማዘርቦርዱ ድምፅ አልተዘጋም።

ዲስኩን ሳንነካ ከፍላሽ ሊኑክስ (ከዊንዶውስ የተለየ ሥርዓተ ክወና) ስናስነሳ የድምፅ መቆጣጠሪያው ተገኘ፣ ኮዴክ ግን አልተገኘም የሚል መልእክት መጣ። መቆጣጠሪያው ያለው በቺፕሴቱ (በማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ውስጥ ነው፤ ኮዴኩ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ለብቻው የተበየደ ትንሽ ቺፕ ሲሆን፣ ዲጂታሉን ድምፅ ስፒከር ወደሚያጫውተው ሲግናል የሚቀይረው እሱ ነው። እሱ መልስ ካልሰጠ ድራይቨሩ የሚያዘው ነገር አያገኝም። ሊኑክስ የዊንዶውስን ድራይቨር ስለማይጠቀም፣ በሁለቱም የጠፋ ኮዴክ ዊንዶውስን ደጋግሞ በመጫን አይመለስም።

ኮዴክ አንዳንዴ ሳይበላሽም ደርቆ ይቀራል። ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ማዘርቦርዱ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል ስለሚያገኝ፣ አጥፍቶ ማብራት ብቻ አያነቃውም። ስለዚህ ገመዱን ነቅለን፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ተጭነን ይዘን፣ 10 ደቂቃ ቆይተን አበራን። ለውጥ የለም። የፊት ለፊቱን የድምፅ ገመድ ከ9 ፒን መሰኪያው ነቅለንም ሞከርን፤ ያው ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ ስናስገባ ግን ድምፁ ወዲያው ተሰማ። ዊንዶውስ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

በስልክ «እንግዲያው በዩኤስቢው ተጠቀሙ» መባላችንን አንቀበልም። የተሸጠልን ከነድምፁ የሚሠራ ማዘርቦርድ ነው።

ስለዚህ ማዘርቦርዱ እንዲቀየር እንጠይቃለን። ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችን ዲስኩ እንዳይነካ፤ ብትፈልጉ አውጥተን እንልካለን፣ ለዚህ ፍተሻ ፍላሽ ይበቃል። ከመመለሱ በፊትም ከኋላው አረንጓዴ ቀዳዳና ከፊት ለፊቱ የሄድፎን ቀዳዳ ድምፅ መውጣቱ ተሞክሮ፣ የሞከረው ባለሙያ በጥገና ወረቀቱ ላይ ይፈርምበት።

ከሰላምታ ጋር
የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል