ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ አፍላ ወጣቶች ጤናና ስለ ኤችአይቪ ለሚሰጠው ትምህርት ፈቃዳችሁን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤና ይስጥልን።

በቅርቡ በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ ሳነሳ አንድ አባት ከኋላ ወንበር ተነሥተው «ጌታው፣ ልጆቹ ገና ጥሬ ናቸው፤ ያልነቃውን ልጅ ማንቃት አይሆንም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ራስ ሲነቀነቅ አየሁ። እኔም የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ስለሆንሁ ነገሩ ገባኝ። በዕለቱ ቀጥተኛ መልስ አልሰጠሁም፤ የሰጠሁት መልስ «እናየዋለን» የሚል ነበር፤ ይህም የርዕሰ መምህር መሸሻ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በመጀመሪያ ለእኒያ አባት ነው። ቢረዝም ታገሡኝ።

ያሰብነው የሚከተለውን ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ በሁለቱ የክፍል ደረጃዎች አራት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ ስለ ጉርምስና፣ ስለ ኤችአይቪና ያለ ዕቅድ ስለሚመጣ እርግዝና እናስተምራለን። የሚያስተምሩት የባዮሎጂ መምህራችንና ከጤና ጣቢያ የሚመጡ ነርስ ናቸው። «ይህ በባዮሎጂ መጽሐፍ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ። ነገር ግን ምዕራፉ ሲደርስ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። እኔም ወጣት መምህር ሳለሁ ሁለት ዓመት ተከታትዬ እንዲሁ አድርጌአለሁ። በፈተና ላይም ከዚያ ምዕራፍ ጥያቄ አላወጣሁም።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ። ጥያቄውን ሌሎች አገሮችም ጠይቀውታል፤ ዕድሜውን በዚህ ላይ የጨረሰም ሰው አለ። ዳግላስ ከርቢ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሀብታምም በድሃም አገሮች የተሞከሩ 83 የሥነ ተዋልዶና የኤችአይቪ ትምህርቶችን ውጤት አንድ ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተመ። ልጆቹ ከተማሩ በኋላ ቶሎ ግንኙነት ይጀምራሉ የሚለውን ስጋት ውጤቱ አልደገፈውም። ከሦስቱ ትምህርቶች ሁለቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጠባይ አሻሽለዋል፤ አንዳንዱ ልጆቹን አዘግይቷል፣ አንዳንዱ የፍቅር ጓደኛ ቁጥር አስቀንሷል፣ አንዳንዱ መከላከያ እንዲጠቀሙ አድርጓል። ከቀሩት አብዛኞቹ ምንም አልለወጡም። ከርቢም ይህን አልደበቀም፤ እኔ የማምነው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

የኬንያው ግን የእኛኑ ደጅ የሚያንኳኳ ነው። ፓስካሊን ዱፓ የተባለች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በምዕራብ ኬንያ ባሉ 328 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ጥናት አደረገች። ከእነዚህ መካከል በዕጣ በተመረጡ 71 ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ባለሙያ ወደ 8ኛ ክፍል ገብቶ 40 ደቂቃ ብቻ ቆየ። አጭር ፊልም አሳየ፣ ልጆቹን አወያየ፤ ከዚያም በአቅራቢያው ባለው ኪሱሙ ከተማ ከወንዶቹም ከሴቶቹም በየዕድሜ ክልሉ ስንቱ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ የሚያሳየውን ቁጥር ነገራቸው። ልጃገረዶቹ ያላስተዋሉት ነገር በዚያ ነበረ፦ አብሯቸው ከሚማረው እኩያቸው ይልቅ ኪሱ የሞላው፣ ስጦታ የሚያመጣው፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለው ሰው እጅግ የበለጠ አደጋ ይዞ ይመጣል። በቀጣዩ ዓመት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ማርገዝ የጀመሩ ልጃገረዶች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ በ28 በመቶ አነሱ። በዕድሜ ከሚበልጥ ሰው የተፀነሰው ደግሞ በ61 በመቶ ቀነሰ። ዱፓ እርግዝናን የቆጠረችው ያለ መከላከያ የተደረገ ግንኙነት ዓይን የሚያየው ምልክት እርሱ ስለሆነ ነው።

ለእኛ ለመምህራን የሚመርረውን ክፍል ልተወው አልችልም። በዚሁ ጥናት መምህራን ሠልጥነው «እስክታገቡ ድረስ ተጠበቁ» የሚለውን መደበኛ ትምህርት በደንብ እንዲያስተምሩ የተደረገባቸው ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። በእነዚህ የልጃገረዶቹ እርግዝና አልቀነሰም። ምክሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኛም በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም የምንሰማው፣ እኔም ለልጆቼ የምለው ነው። ነገር ግን አትንኩ ማለት ብቻውን ልጅቷ ፊት ለፊቷ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ እንድታውቅ አያደርጋትም። ከ328ቱ ትምህርት ቤቶች በሌሎቹ ደግሞ ሌላም ነገር ታይቷል፦ ዩኒፎርም በነጻ የተሰጣቸው ልጃገረዶች ትምህርት ማቋረጣቸውም በልጅነት ማርገዛቸውም ቀንሷል። ዩኒፎርም! በየመስከረሙ በር ላይ ልጅ የምንመልስበት ጉዳይ። ይህን ካነበብሁ ወዲህ የጥበቃ ሠራተኞቻችን ሴት ልጅ በዩኒፎርም ምክንያት ከበር እንዳይመልሱ አዝዣለሁ።

ስለ አገራችን በ2008 ዓ.ም. ከተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። በዚያን ጊዜ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው በገጠር 0.4 በመቶ፣ በከተማ 2.9 በመቶ ነበሩ። ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ደግሞ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶ፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተማን ለማማት አይደለም። ከቃሉና ከአልብኮ ቀበሌዎች ልጃችሁን ወደዚህ ስትልኩ ስንቁን፣ ደብተሩንና የቤት ኪራዩን አስባችሁ ነው፤ ልጅቷ የመጣችበት መንደርና የገባችበት ከተማ ግን በዚህ ነገር አንድ አይደሉም። ከተማችን ፋብሪካ ያላት፣ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርደው ከባድ መኪና የሚያድርባት ከተማ ናት። ሾፌሩን መውቀሴ አይደለም፤ የገዛ አጎቴ ሾፌር ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳምንት ሙሉ ስትቀር ከክፍል ኃላፊ መምህሯ ጋር ወደ ተከራየችበት ቤት ሄድን። ሦስት ሆነው የሚያድሩባት ጠባብ ክፍል ናት። ማዳበሪያ ውስጥ ድርቆሽ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የኬሚስትሪ ሰንጠረዥ። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም፤ ማታ ማታ በገመድ አስረው ነው የሚተኙት። ልጅቷ ስልክ ይዛ ነበር፤ አዲስና ውድ። «ማን ገዛልሽ?» አልኋት። «ዘመድ» አለችኝ፣ ዓይኗን ወደ ጀሪካኑ አድርጋ። መምህሯ እኔን አየች፣ እኔ ደብተሩን አየሁ። «በርቺ፣ ሰኞ እንዳትቀሪ» ብዬ ወጣሁ። ሰኞ መጣች። ጥር ላይ ጨርሳ ቀረች።

ያን ቀን የቸገረኝ ድፍረት ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የምለው ነገር አልነበረኝም። ከቁጣ በቀር የማውቀው ቃል አልነበረኝም፣ ቁጣውም ለእሷ የሚገባ አልነበረም። ስልኩን የገዛውን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ የሚባለውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሴቶችና ወንዶች ለሁለቱ ክፍለ ጊዜ ለየብቻ፣ ለሁለቱ አንድ ላይ ይማራሉ። ሰውነታቸው ስለሚለወጥበት መንገድ፣ ቫይረሱ ስለሚተላለፍበትና ስለማይተላለፍበት ሁኔታ፣ በዕድሜ ስለሚበልጥ ሰው ስጦታ፣ እምቢ ስለማለት ይማራሉ። ኮንዶም ምን እንደሆነና ምን እንደሚከላከል ለሚጠይቅ ልጅ እውነቱ ይነገረዋል፤ የሚታደል ነገር ግን የለም። ማንም ልጅ ስለ ራሱ ወይም ስለ ቤቱ አይጠየቅም። ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት በሕግ የተከለከለ መሆኑም ይነገራል፤ ይህን ደግሞ ከልጆቹ ይልቅ ለአንዳንዶቻችን ብናገረው ይሻል ነበር። ወንዶቹን «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለን አንለቃቸውም፤ የነገው የሠላሳ ዓመት ሰው ዛሬ 9ኛ ክፍል ተቀምጧል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንካራ ነኝ። በክፍሎቻችን ውስጥ ከቫይረሱ ጋር የተወለደ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚውጥ ልጅ ሊኖር ይችላል። እነማን እንደሆኑ አልጠይቅም፣ እናንተም እንዳትጠይቁ። የቅሬ (የዕድር) ጥሩምባ ጎህ ሳይቀድ የሚነፋበትን ያን ዘመን እኔ በዕድሜዬ አስታውሳለሁ፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ የቀበርንበት ጊዜ ነበር። ልጆቻችን ግን አያውቁትም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግንኙነት እንደማያስተላልፍም በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ልጆቹን በአጽም ሥዕል አናስፈራራም። ኅዳር 22 ቀን፣ በዓለም የኤድስ ቀን፣ ቲሸርት ለብሶ ሰልፍ መውጣትም ይብቃን፤ ቲሸርቱ ከርሞ የወለል መወልወያ ሲሆን አይቻለሁ።

ኅዳር 7 ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ 7፡30 በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንገናኝ። ቅዳሴም ከተፈታ፣ ዙህርም ከተሰገደ በኋላ ነው፤ ከዐስር ሶላት በፊት እንጨርሳለን። የአካባቢያችን ሼኽና ቄስ ሁለቱም የትምህርቱን ጽሑፍ ተሰጥቷቸዋል፤ ሼኹ ሁለት ቦታ ላይ አስተያየት ሰጥተው አርመንበታል፣ ቄሱም አንድ ቦታ። እናንተም ጽሑፉን በቢሮዬ ማንበብ ትችላላችሁ። ልጄ አይማር የሚል ወላጅ መብቱ ነው፤ ከደብዳቤው ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ ፈርሞ ይላክልኝ፤ ልጁ በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል እንጂ አይንገላታም። መጻፍ የማይችል በጣቱ ይፈርም። ሩቅ ያላችሁ ቅጹን ስንቅ ከሚያመጣው ሰው ጋር ላኩት።

ልጆቻችሁን በኪራይ ቤት ያስቀመጣችሁ ግን በዚያ እሑድ ራሳችሁ ብትመጡ እወዳለሁ። ከስብሰባው በኋላ የልጃችሁን ክፍል በር ከውስጥ ሆናችሁ ዝጉትና እዩት። መቀርቀሪያ ከሌለው ገዝታችሁ አምጡ፤ የትምህርት ቤቱ አናጺ ሰኞ ከትምህርት በኋላ እየዞረ ይገጥመዋል፤ የእጅ ዋጋ አይጠይቃችሁም።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር